የመጀመሪያውን የሚና ጨዋታ ለመምረጥ

የሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው አንድ ታሪክ በጋራ የሚፈጥሩበት ጨዋታ ነው። ከመካከላቸው አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ በመንገድ የሚያጋጥመውን ሰውና አደጋ እሱ ይተርካል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ በሩን ቀስ ብዬ እገፋዋለሁ»፣ «እኔ ደግሞ ዘበኛውን በወሬ እይዘዋለሁ» እያሉ ታሪኩን ያራምዳሉ። የታሰበው ነገር መሳካቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣልና የወጣው ቁጥር ይወስናል። አሸናፊም ተሸናፊም የለም።

ጨዋታው መጽሐፍ ሆኖ ለገበያ የቀረበው በ1974 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያዘጋጁት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ መንገዱን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጨዋታዎች ታትመዋል፤ አንዳንዶቹ በአንድ ወረቀት ላይ ያልቃሉ፣ አንዳንዶቹ ከ300 ገጽ በላይ የሆኑ በርካታ መጻሕፍት አሏቸው። ጀማሪ ቡድን የሚደናቀፈውም እዚህ ላይ ነው። በጣም ዝነኛ የሆነው ይመረጣል፣ ወፍራሙ መጽሐፍ ይመጣል፣ የመጀመሪያው ማታ ቅጽ በመሙላት ያልቃል። ጨዋታው ሳይጀመር ሰው ይበተናል፤ ሁለተኛ ቀጠሮም አይኖርም። በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ጨዋታውን ሳይቀምሱት «ለእኛ አይሆንም» ብለው ይደመድማሉ።

ምርጫችሁን ከጨዋታው ዝና አትጀምሩ። ከራሳችሁ፣ በተለይም አጫዋች ከሚሆነው ሰው ጀምሩ።

1. አጫዋቹን ለዩ

በአብዛኞቹ የሚና ጨዋታዎች ሸክሙ እኩል አይከፋፈልም። ተጫዋቾቹ ምንም ሳያነቡ መጥተው መጫወት ይችላሉ። አጫዋቹ ግን ደንቡን ማንበብ፣ ታሪኩን ማሰናዳት፣ ሲጠየቅ መመለስ፣ የሚያፍረውን ማደፋፈር፣ ወሬ የሚያበዛውን መግታት አለበት። ስለዚህ «የትኛው ጨዋታ ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ለጀማሪ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ጥያቄ «ይህ ሰው የትኛውን ጨዋታ ሳይጨነቅ መምራት ይችላል?» የሚለው ነው።

ይህ ኃላፊነት ብዙ ጊዜ ለጨዋታ አዋቂው፣ ሰው ሲሰበሰብ ቤቱን በሳቅ ለሚሞላው ይሰጣል። እኔ ግን የሚያዳምጠውን ሰው እመርጣለሁ። ጥግ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ከአንድ ሰዓት በፊት ስለ ገጸ ባሕርይዋ ወንድም የተናገረችውን አስታውሶ ያንን ወንድም በሚቀጥለው በር ላይ የሚያመጣው እሱ ነው። ተራኪነት በልምድ ይመጣል፤ የሰውን ቃል መያዝ ግን ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ ያስፈልጋል።

ፈቃደኛ ሰው ስታገኙ ለዝግጅት ምን ያህል ሰዓት እንዳለው በግልጽ ጠይቁት። ሁለት ሰዓት ብቻ ካለው ባለ አንድ ገጽ ጨዋታ ምረጡ። ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ካለው የማስጀመሪያ ሳጥን የሚባሉትን ማሰብ ይቻላል። ማንም አጫዋች መሆን ካልፈለገ አታስገድዱ፤ አጫዋች የማያስፈልጋቸው ጥሩ ጥሩ ጨዋታዎች አሉ፣ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

2. ሰውና ሰዓት ቁጠሩ

ለመጀመሪያ ጊዜ አጫዋቹን ጨምሮ አራት ወይም አምስት ሰው ይበቃል። ስድስትና ሰባት ሲሆን እያንዳንዱ ሰው ተራው እስኪደርስ ብዙ ይጠብቃል፤ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ስልኩን ያወጣል። ስምንት ሰው ከመጣ ሁለት ጠረጴዛ አድርጉ እንጂ አትጨናነቁ።

ሰዓቱን ስታሰሉ ሰው በቀጠሮው ሰዓት እንደማይሞላ፣ ሰላምታውና ቡናውም የራሱ ጊዜ እንዳለው አስቡ። አራት ሰዓት ከያዛችሁ እውነተኛው የጨዋታ ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። እዚያ ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ ታሪክ ምረጡ። ለወራት የሚቀጥል ታሪክ ማራኪ ቢሆንም የልጅ፣ የሥራና የፈተና ሰሌዳ ያለባቸውን ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ለወራት ማሰር ከባድ ነው። መጨረሻውን ያየ ቡድን እንደገና ለመገናኘት ይፈልጋል።

በተለያየ ከተማ ለምትኖሩ፣ ለምሳሌ አንዱ ዋሽንግተን አካባቢ የሌሊት ተራ የሚሠራ፣ ሌላው ዱባይ ወይም ፍራንክፈርት ያለ ቡድን ከሆናችሁ፣ በቪዲዮ ጥሪ መጫወት ይቻላል። ያን ጊዜ ሥዕላዊ ሰሌዳና ብዙ ወረቀት የማይጠይቅ ጨዋታ ምረጡ፤ ሁለት ሰዓትም በቂ ነው፣ በስክሪን ፊት ሰው ቶሎ ይደክማል።

3. ምን ዓይነት ታሪክ እንደምትወዱ ተነጋገሩ

«የቅዠት ዓለም ነው ወይስ የሳይንስ ልቦለድ የምትወዱት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው በዘውግ ስም አያስብም። በቅርቡ የወደዱትን አንድ ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። ወንጀል ምርመራ፣ የቤተ መንግሥት ሴራ፣ የጠፈር ጉዞ፣ አስቂኝ የሌብነት ታሪክ፤ ከመልሶቹ ውስጥ ብዙዎቹን የሚያገናኝ ነገር ይወጣል። አንድ ሰው አጥብቆ የሚጠላው ነገር ካለ ደግሞ ከሚወደደው ይልቅ ለእሱ ዋጋ ስጡ።

የማይነካ ነገርም እንዳለ በዚሁ አጋጣሚ ጠይቁ። በሕፃን ላይ የሚደርስ ጉዳት፣ ጦርነት፣ የቅርብ ሐዘን፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ያለ ሰው በሕይወቱ ያየውን ነገር በጨዋታ መካከል በድንገት እንዲጋፈጠው ማድረግ ተገቢ አይደለም። በአገራችን ባለፉት ዓመታት የሆነውን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ተራ ማሳሰቢያ አይደለም። ጆን ስታቭሮፖሎስ የተባለ አሜሪካዊ የጨዋታ ሰው ያስተዋወቀው ቀላል ዘዴ አለ፤ የ«ኤክስ» ምልክት የተጻፈበት ወረቀት ጠረጴዛው መሃል ይቀመጣል፣ ነገሩ የከበደው ሰው ይነካዋል፣ ያ ትዕይንት ይታለፋል፣ ምክንያት አይጠየቅም። ወረቀቱ ሳይነካ ቢያመሽም መኖሩ ብቻውን ሰውን ዘና ያደርጋል።

የቤተሰብም ነገር አለ። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ልጆችን ወደ ሰይጣን አምልኮ ይወስዳል ተብሎ ብዙ ወላጅ ደንግጦ ነበር። ክሱ መሠረት ባይኖረውም፣ አስማትና አጋንንት የሚጠሩበትን መጽሐፍ ልጁ እጅ ላይ ያየ ወላጅ መጨነቁ አይገርምም። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሥጋት ካለ ክርክር ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ ስለ ጠፈር ተጓዦች ወይም ስለ አይጦች የሚሆን ጨዋታ ምረጡና እናትና አባታችሁንም ጋብዙ።

4. ደንቡን መዝኑ

አጫዋቹ ደንቡን ለማያውቅ ሰው፣ ለእህቱ ወይም ለሥራ ባልደረባው፣ በአሥር ደቂቃ ያስረዳ። ሰሚው «እሺ፣ ገባኝ» ካለና አንድ ጊዜ ዳይስ ጥሎ ውጤቱን ራሱ መናገር ከቻለ ጨዋታው ያልፋል። አጫዋቹ ራሱ ወደ መጽሐፉ ደጋግሞ ከተመለሰ ሌላ ፈልጉ።

ከዚያ ተዘጋጅተው የተሞሉ ገጸ ባሕርያትና ተጽፎ ያለቀ ጀብዱ መኖራቸውን ተመልከቱ። ሁለቱም ካሉ አጫዋቹ የሚያድነው ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ ሌላ ነገር እኔ ሁልጊዜ አያለሁ፤ ዳይሱ እምቢ ሲል ምን ይሆናል? በአንዳንድ ጨዋታዎች አለመሳካት ማለት ምንም አልሆነም ማለት ነው፤ በሩ አልተከፈተም፣ ቀጣዩ ይሞክር። ለጀማሪ ይህ አሰልቺ ነው። ቪንሰንት ቤከርና ሜጌይ ቤከር በ2010 ያወጡት አፖካሊፕስ ወርልድ ብዙ አዳዲስ ጨዋታዎች የተከተሉትን መንገድ አሳየ። በእሱ ሁለት ዳይስ ጥላችሁ የገጸ ባሕርይውን ችሎታ ትደምራላችሁ። 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ስኬት ነው፤ ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይሳካል፣ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ 6ና ከዚያ በታች ከሆነ አጫዋቹ አንድ ችግር ያመጣል። በሦስቱም ታሪኩ ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ያለ ደንብ ያለው ጨዋታ ልምድ የሌለውን አጫዋች ይደግፈዋል።

5. ከእነዚህ ውስጥ ምረጡ

ብዙ ለሚሠራ፣ ጥቂት ሰዓት ላለው ቡድን የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ጆን ሃርፐር በ2013 ያወጣው ሌዘርስ ኤንድ ፊሊንግስ ነው። በነፃ ይገኛል፤ ደንቡ ሙሉው በአንድ ገጽ ያልቃል። ራፕተር የተባለች የጠፈር መርከብ ሠራተኞች ናችሁ፤ ካፒቴናችሁ ባልታወቀ ኃይል ተይዞ በሕክምና ክፍል ተኝቷል፤ ራሳችሁን ችላችሁ ችግሩን መወጣት አለባችሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች ሙያ (ሐኪም፣ አብራሪ፣ መሐንዲስ፣ መልእክተኛ…) እና ከ2 እስከ 5 አንድ ቁጥር ይመርጣል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን በቴክኖሎጂና በረጋ ስሌት ይጎብዛል፤ ዝቅ ባለ መጠን በስሜት፣ በደመ ነፍስና ሰውን በማግባባት ይበረታል። የስሌት ሥራ ሲሆን ዳይሱ ከቁጥሩ በታች መውጣት አለበት፣ የስሜት ሥራ ሲሆን ከቁጥሩ በላይ።

በጠረጴዛ ላይ እንዲህ ይመስላል። አጫዋቹ፦ «በሞተር ክፍሉ በር ላይ የማታውቁት ፍጡር ቆሟል። ጦር ይዟል፣ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል» ይላል። መልእክተኛዋን የምትጫወተው ልጅ፦ «መሣሪያዬን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ቀስ እያልኩ እጠጋዋለሁ። ፈርቷል፤ ላረጋጋው እሞክራለሁ» ትላለች። ይህ የስሜት ሥራ ነው። ቁጥሯ 4 ስለሆነ 5 ወይም 6 ያስፈልጋታል። አንድ ዳይስ ለማንም ይሰጣል፤ ማግባባት ሙያዋ ስለሆነ አንድ ይጨመርላታል። ትጥላለች፤ 6 እና 3። አንዱ ሠመረ፣ አንዱ አልሠመረም። አንድ ብቻ ሲሠምር የተፈለገው ይሆናል፣ ግን መዘዝ ያስከትላል። አጫዋቹ፦ «ጦሩን ዝቅ አደረገ። ክንድሽን ግን አጥብቆ ያዘና ወደ ሞተሩ ይጎትትሽ ጀመር። ምን ታደርጊያለሽ?» ከዳይሶቹ አንዱ ላይ ልክ 4 ቢወጣ ኖሮ ለአጫዋቹ አንድ ጥያቄ ታቀርብ ነበር፤ እሱም በእውነት መመለስ ግዴታው ነው። «ይህ ፍጡር ምን ፈርቶ ነው?» የምትለዋ ጥያቄ የማታውን ታሪክ በሙሉ ልትቀይር ትችላለች። ይህን የመሰለ ውጤት ከአንድ ገጽ ደንብ ሲወጣ ሳይ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

መሳቅ ለፈለገ ቡድን የግራንት ሃውት ሃኒ ሃይስት አለ፤ ይህም ባለ አንድ ገጽ ነው። ማር ለመዝረፍ ያቀዱ ድቦች ትሆናላችሁ።

አጫዋች ለመሆን ማንም ካልደፈረ የአሌክስ ሮበርትስን ፎር ዘ ኲን ተመልከቱ። በ2019 የወጣ የካርድ ጨዋታ ነው። ዳይስ የለውም፣ ዝግጅትም አይጠይቅም። ከንግሥታችሁ ጋር ረጅም ጉዞ ላይ ናችሁ፤ ተራ በተራ ካርድ አንስታችሁ በላዩ ያለውን ጥያቄ ስለ ገጸ ባሕርያችሁ ትመልሳላችሁ፤ የመጨረሻው ጥያቄ ንግሥቲቱ ጥቃት ሲደርስባት ትከላከሉላት እንደሆነ ይጠይቃል። ትወና የሚያሳፍራቸው ሰዎች በዚህ ጨዋታ ሲፈቱ አይቻለሁ፣ ምክንያቱም የሚፈለግባቸው ጥያቄ መመለስ ብቻ ነው።

ከልጆች ጋር ለሚጫወት ቤተሰብ የአይዛክ ዊሊያምስ ማውስሪተር ይስማማል፤ የዲጂታል ቅጂው በነፃ ይወርዳል። ተጫዋቾቹ ጀግና አይጦች ናቸው፤ መርፌ ሰይፋቸው ነው፣ ድመት ትልቁ ሽብራቸው ነው። ዕቃዎቻቸው በትንንሽ ወረቀት ተቆርጠው በቅጹ ላይ ባሉ ክፍት ቦታዎች ይደረደራሉ፤ ቦታ ሲሞላ አንድ ነገር መጣል ግድ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ «ገመዱን ልጣል ወይስ ሻማውን?» ብሎ ሲያስብ ደንብ እየተማረ መሆኑን እንኳ አያውቅም። ለአዋቂዎች ተመሳሳይ ቅለት ያለው የዮሐይ ጋል ኬርን አለ፤ እሱም በነፃ ነው። በኬርን ውጊያ ላይ ምት አይስትም፤ ጉዳቱን ብቻ ትጥላላችሁ። ስለዚህ ውጊያ ፈጣንና አደገኛ ነው፣ ተጫዋቾችም ከመዋጋት ይልቅ መላ መፈለግን ቶሎ ይለምዳሉ።

ወደ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ስንመጣ፣ አልቃወመውም፤ እወደዋለሁ። ሥሩ ቀላል ነው፤ ባለ 20 ጎን ዳይስ ጣሉ፣ ችሎታችሁን ደምሩ፣ ከተቀመጠው ቁጥር ጋር አስተያዩ። ክብደቱ የሚመጣው ከአስማቱ ዝርዝርና ከየሙያው ልዩ ደንብ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ትላልቅ መጻሕፍት በመግዛት አትጀምሩ። በ2014 የወጣው የማስጀመሪያ ሳጥን ባለ 32 ገጽ ደንብ፣ ባለ 64 ገጽ ጀብዱ፣ አምስት የተዘጋጁ ገጸ ባሕርያትና 6 ዳይስ ይዟል፤ በ2022ም ሌላ የማስጀመሪያ ሳጥን ወጥቷል። ደንቡ በ2024 ቢሻሻልም ሳጥኑ ራሱን የቻለ ስለሆነ አትጨነቁ።

የ2014ቱን ካገኛችሁ ለአጫዋቹ አንድ ምክር አለኝ። ጀብዱው የሚከፈተው ዕቃ የጫነ ጋሪ ይዛችሁ ስትጓዙ ሁለት የሞቱ ፈረሶች መንገዱን ዘግተው በማግኘታችሁ ነው፤ ቁጥቋጦው ውስጥ አራት ጎብሊኖች፣ ማለትም ትንንሽ ክፉ ፍጡራን፣ አድፍጠዋል። ትዕይንቱ ግሩም ነው፣ ግን ዳይሱ ከከፋ ጀማሪዎቹን ገና በመንገድ ላይ ሊጨርሳቸው ይችላል። ሁለቱ ጎብሊኖች ከወደቁ የቀሩት ይሽሹ። ተጫዋቾቹ ተከትለው ይሄዳሉ፤ ጀብዱውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ምርመራና ፍርሃት ለሚወዱ ሳንዲ ፒተርሰን በ1981 ለኬዮሲየም ያዘጋጀው ኮል ኦፍ ክቱሉ አለ፤ ከኤች. ፒ. ላቭክራፍት ድርሰቶች የተቀዳ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ተራ ሰዎች ናቸው፤ ጋዜጠኛ፣ መምህር፣ ሐኪም፣ አብዛኛውን ጊዜ በ1920ዎቹ አሜሪካ። ችሎታ በመቶኛ ይጻፋል። መዛግብት የመፈተሽ ችሎታችሁ 60 ከሆነ ከ1 እስከ 100 በሚወጣው ዳይስ 60ና ከዚያ በታች ስታገኙ ይሳካል። ለጀማሪ ለማስረዳት ከዚህ የቀለለ ደንብ አይገኝም። በነፃ የሚሰጠው አጭር ደንብ ቦስተን ስለሚገኝ አንድ አስፈሪ ቤት የሚያወሳ ሙሉ ጀብዱ ይዟል። ይሁን እንጂ ጨዋታው የገጸ ባሕርያትን አእምሮ መታወክ በቁጥር ስለሚለካ፣ ከመካከላችሁ በቤቱ የአእምሮ ሕመም ያየ ሰው ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁት።

6. ቋንቋውንና ዳይሱን አሰናዱ

ከላይ የጠቀስኳቸው ሁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። የሚያነበው ግን አጫዋቹ ብቻ ስለሆነ ጨዋታው በሙሉ በአማርኛ ሊካሄድ ይችላል፤ እንዲሆንም እመክራለሁ። ሰው በሚያልምበት ቋንቋ ሲናገር ገጸ ባሕርይው ሕይወት ይዘራል። አጫዋቹ በቅጹ ላይ ያሉትን ቃላት አስቀድሞ በአማርኛ ይጻፋቸው። ለዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ስድስት ዋና ችሎታዎች ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋል፣ ግርማ ሞገስ ብትሉ ይበቃል። የዚህ ጨዋታ መሠረታዊ ደንብ በጥር 2023 ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲተረጉመው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል፤ የኬርን ደንብም በተመሳሳይ ዓይነት ፈቃድ የወጣ ነው። ምንጩን ጠቅሶ የአማርኛ ቅጂ ማሰራጨት የሚፈልግ ሰው መንገዱ ክፍት ነው፤ አንድ ሰው ቢሠራው ደስታዬ ወሰን የለውም።

ቦታውን ወደ አገር ቤት ማምጣትም ይቻላል። ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ያለችው ከተማ ለኮል ኦፍ ክቱሉ ምርመራ የምትመች ናት፤ የውጭ ነጋዴዎች፣ ሚሲዮናውያን፣ ቴሌግራም፣ ጨለማ መንገድ። ይህን ግን ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ጊዜ አቆዩት። አዲስ ደንብና አዲስ ዓለም በአንድ ማታ መሸከም አጫዋቹን ያደክመዋል።

ባለ 6 ጎን ዳይስ በሉዶ ሳጥን ውስጥ አለ። ባለ 10ና ባለ 20 ጎኑ ግን በየሱቁ አይገኝም። የስልክ መተግበሪያ ይሠራል፤ ስልክ ጠረጴዛው ላይ እንዳይበዛ ከፈለጋችሁ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው የተጠቀለሉ ወረቀቶች በሲኒ ውስጥ አድርጋችሁ አንድ እያወጣችሁ መልሱ። አዲስ አበባ ላላችሁ ሳጥን ማግኘት ቀላል ስላልሆነ በነፃ በሚወርዱት ጀምሩ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችሁን ጠይቁ።

7. የመጀመሪያው ማታ

ገጸ ባሕርያቱ ተሞልተው ጠረጴዛው ላይ ይጠብቁ። ደንቡን ከአምስት ደቂቃ በላይ አታስረዱ፤ ቀሪው ሲያስፈልግ ይነገራል። ታሪኩን ከችግር መሃል ጀምሩ፤ መርከቧ እየነደደች፣ ጋሪው ቆሞ፣ በሩ እየተንኳኳ። መጠጥ ቤት ተቀምጦ መተዋወቅ ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ማንም መጀመሪያ መናገር አይፈልግም።

ዝም ያለውን ሰው «አንተስ ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ በሰፊው አትጠይቁት። «በመስኮት ታያለህ ወይስ በሩን ትከፍታለህ?» ብትሉት ይመልሳል፤ ከሁለተኛው መልስ በኋላ ሦስተኛ አማራጭ ራሱ ያመጣል። ታላቅ ወንድም ወይም አለቃ በጠረጴዛው ላይ ካለ ሌሎቹ እሱ እስኪወስን የመጠበቅ ልማድ ይኖራቸዋል። አጫዋቹ በእርጋታ «ጋሼ፣ የእርስዎን እንሰማለን፤ አሁን ግን ተራው የእሷ ነው» ሊል ይችላል፤ አክብሮቱ ሳይጓደል ተራው ይጠበቃል።

ደንብ ስትጠራጠሩ መጽሐፍ አትግለጡ። አጫዋቹ ለተጫዋቹ የሚያደላ ውሳኔ ይስጥ፣ በወረቀት ይያዘው፣ በማግሥቱ ይመልከተው። የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ሲቀር ወደ መጨረሻው ትዕይንት ዝለሉ፤ በመካከል የቀረው ክፍል ይቅር።

ካለቀ በኋላ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ የትኛው ትዕይንት ደስ አላችሁ፣ የትኛው ላይ ሰለቻችሁ? መልሱ ቀጣዩን ጨዋታ ይመርጥላችኋል። «ገጸ ባሕርዬን ልተወው አልፈልግም» ካሉ የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ሳጥን ወይም ኬርን ይዛችሁ ለተወሰኑ ሳምንታት ቀጥሉ። ምስጢር መፍታቱን ከወደዱ ወደ ኮል ኦፍ ክቱሉ እለፉ። ወሬውንና ግንኙነቱን ከወደዱ ፎር ዘ ኲን አለ። ውጊያው የሰለቻቸው ከሆነ ደግሞ ደንቡን ከመወንጀላችሁ በፊት በአንድ ማታ ስንት ውጊያ እንደነበረ ቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ማውጣት ይበቃል። ከተጫዋቾቹ አንዷ «እኔም አጫዋች ልሁን» ካለች ከባለ አንድ ገጽ ጨዋታዎቹ አንዱን ይዛ ትሂድ፤ የሚቀጥለው ቀጠሮም ለእሷ በሚመቻት ቀን ይሁን።